ሰላምታ የማትመልሰው ልጅ

እትዬ ትሁን ስልክ ሲያነሡ «ሃሎ» ብለው አያውቁም። «አቤት፣ ትሁን ነኝ» ይሉና ዝም ብለው ይጠብቃሉ። የደወለው ሰው ስሙን ሳይናገር ዘው ብሎ ወደ ጉዳዩ ከገባ «ማን ልበል?» ይሉታል። ስሙን ካወቁ በኋላም ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አገሩ ዝናብ ጠይቀው ሳይጨርሱ ወደ አልጋ ወሬ አይገቡም። ከአዲስ አበባ የሚደውሉ አንዳንድ እንግዶች በዚህ ሲቸገሩ እሰማለሁ። ላሊበላ ደርሰው ሻንጣቸውን ሲያወርዱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «እኒያ በስልክ ያነጋገሩን እናት የት አሉ?» ብለው ነው።

እኔ ምስክር እባላለሁ። ዘጠኝ ዓመት አስጎብኚ ነበርኩ። እንግዳ የጠፋ ጊዜ ሥራ ፈትቼ ቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስውል እትዬ ትሁን አይተውኝ «አንተ ምስክር፣ ይህን ድንጋይ ከምታሞቀው መጥተህ እንግዳ አትቀበልልኝም?» አሉኝ። ይኸው ስድስት ዓመቴ ነው። ማረፊያቸው «ወይራ» ይባላል። አሥራ አንድ ክፍል አለው፤ ግቢው መሐል ዕድሜውን ማንም የማያውቀው ወይራ ቆሟል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ክፍሎቹን በሁለት በሁለት እየጨመሩ ብቻቸውን የሠሩት ቤት ነው።

ከዚያ በፊት የስልክ ሠራተኛ ነበሩ። ሞባይል የሚባል ነገር ባልተሰማበት ጊዜ፣ በሃያ ዓመታቸው የከተማው ስልክ ጣቢያ ገብተው አሥራ አንድ ዓመት ኦፕሬተር ሆነው ሠርተዋል። ሰው መጥቶ ቁጥር ያስመዘግባል፤ እሳቸው «ወልድያ! ወልድያ!» እያሉ መስመር ይለምናሉ፤ መስመሩ ሲገኝ ባለጉዳዩን በስሙ ጠርተው ስልክ ወደሚነጋገሩባት ጠባብ ሳጥን ያስገቡታል። አንዳንዱ ለሦስት ደቂቃ ንግግር ሁለት ቀን ይጠብቅ ነበር። ከገጠር የመጣ ሰው መነጋገሪያውን ገልብጦ ሲይዝ አስተካክለው ጆሮው ላይ ያደርጉለታል። የከተማው ትልልቅ ሰዎች እስከ ዛሬ «ትሁን ስልኳ» ይሏቸዋል።

እንግዲህ እኒህ ሴት ናቸው ባለፈው ዓመት ስምንት ጊዜ ተደውሎላቸው ሳያነሡ የቀሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይራ ስልክ ሦስት ሞባይል ነበር፤ አንዱ በእሳቸው ኪስ፣ አንዱ በእኔ ጠረጴዛ፣ አንዱ ወጥ ቤት በወጥ ሠሪያችን በይማርሽ ዘንድ። ሦስቱም ቁጥራቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱን የያዘ እንግዳ ሌላውን አያውቅም። አንድ እሑድ እትዬ ትሁን እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን አጥፍተው ቅዳሴ ገቡ። በዚያች ሰዓት ከአዳማ የመጣ አርባ ሰው የያዘ የጉዞ ማኅበር ጋሸና ላይ ሆኖ ይደውልላቸዋል። ደወሉ፣ ደወሉ፣ ሌላ ቤት ያዙ። ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ መሪ ቤተ ማርያም ደጃፍ አግኝተዋቸው በትሕትና «እናቴ፣ ስምንት ጊዜ ሞክረን ነበር» ብለው ነገሯቸው።

እትዬ ትሁን ያን ቀን ምሳ አልበሉም። የቀረው እንግዳ አልነበረም ያሳሰባቸው። «ስምንት ጊዜ!» እያሉ ግቢውን ይዞሩታል። «እኔ ትሁን! ሰው ስምንት ጊዜ ጠርቶኝ!»

እኔም ሲያንገበግበኝ ከርሜ በወዳጅ በኩል ሐናንን አገኘኋት። ሐናን የደሴ ልጅ ናት፤ ለድርጅቶች በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ የምትተክል ባለሙያ። ኢንተርኔቱ በሰፈራችን ደህና መሥራት ከጀመረ ወዲህ ላሊበላም መምጣት ትፈልግ እንደነበር ነገረችኝ። በየካቲት መጨረሻ መጣች። ጋሸና ላይ መኪና ሲጠብቅ የዋለ ሰው ፊቱ ያስታውቃል፤ አቧራውን ከሻሿ እያራገፈች ገባች፤ እትዬ ትሁንን ከወገቧ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው። የዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበርና እሷም ጾመኛ፣ እኛም ጾመኛ። ውሃ እንኳ የሚቀርብላት አልነበረም።

«አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚኖራችሁ» አለች። «ቁጥሩ ሲደወል የምስክር ጠረጴዛ ላይ ሊጮኽ ይችላል፤ እርስዎ ሞባይል ላይ፣ ወጥ ቤትም ሊጮኽ ይችላል። እርስዎ ወልድያ ቢሄዱ ወልድያ ይከተልዎታል። ሌላው እንደ ምርጫዎ ነው፤ ሃያ አራት ዓይነት አገልግሎት አለው።» ዝርዝሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የመጀመሪያው ወር ሙከራ ነው፤ የፈለግነውን ሁሉ ሞክረን ከዚያ የማንፈልገውን እናስቀራለን።

እትዬ ትሁን መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይሄ የሚጠቅመው ለሚደውለው ሰው ነው ለኛ?» ሐናን አንዳንዱን «ለሁለታችሁም» ትላለች፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሳቅ ብላ «ይሄስ ለናንተ ነው» ትላለች።

ከሁሉ እኔን የማረከኝ በራሱ የሚመልሰው ነበር፤ «እንኳን ወደ ወይራ እንግዳ ማረፊያ በደህና መጡ፤ ለአልጋ አንድን፣ ለበቅሎና ለጉዞ ሁለትን ይጫኑ» የሚለው። ባሕር ዳር አንድ ትልቅ ሆቴል ደውዬ ሰምቼ ስለማውቅ፣ የኛም ቤት እንደዚያ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

«ሰው መስሎ የሚናገር ነገር ደስ አይለኝም» አሉ እትዬ ትሁን።

«እትዬ፣ ዘመኑ ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ደግሞ ስንደራረብ እኔ ብቻዬን አልችልም።»

ትንሽ አሰቡና «አንተ ነህ ጠረጴዛው ላይ የምትቀመጠው» ብለው ተዉልኝ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሆነው ጥፋት የኔ ነው። ሐናን አዲስ አበባ ያስቀረጸችውን የሴት ድምፅ አስገባች፤ ለሚጠብቅ ሰው የሚሆን የማሲንቆ ዜማም ጨመረች፤ ጥሪ መቅጃውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ሌላውንም ሁሉ ከፈተችልንና ተመለሰች።

ሁለት ሳምንት ነፍሴ ሐሴት አደረገች። በየቀኑ በራሴ ሞባይል እየደወልኩ ያቺን ሴት አዳምጣት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከደሴ የመጡ ስድስት መምህራን በቅሎ ተይዞላቸው ነበር፤ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም የሚወጡ። በማለዳ ተነሥተው፣ ለብሰው፣ በር ላይ ቆሙ። በቅሎ የለም። ሰዓቱ አንድ ሆነ፣ አንድ ተኩል ሆነ። በቅሎ የሚያመጡልን ቄስ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወስደው ዳገት የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚኖሩ የደጋ ገበሬና ቄስ። አሥራ አራት ዓመት አብረውን ሲሠሩ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ብደውል አይነሣም። መምህራኑ በእግራቸው ወጡ፤ አንዲቱ መንገድ ላይ ደክማ ተመለሰች።

እትዬ ትሁን ነጠላቸውን አጣፍተው ለበሱ፣ ዱላቸውን አነሡ። «ተነሥ፣ እንሂድ» አሉኝ። «ታመው ይሆናል።»

ዳገቱን እንዴት እንደወጡት አትጠይቁኝ፤ እኔ ነበርኩ የማለከልከው። ስንደርስ ቄሱ ደህና ናቸው። የገብስ ማሳቸው ዳር ድንጋይ ሲለቅሙ አገኘናቸው። አዩን፤ ቀና አሉ፤ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙን፤ ፊታቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ቤት ገባን። ጾም ስለሆነ የሚቀርብ ነገር የለም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅዬ «እግራችሁን ሳላጥብማ አትቀመጡም» ብለው ውሃ አሞቁ። እትዬ ትሁን እግራቸው ገበቴ ውስጥ እንዳለ «አባ፣ ምን አጠፋን?» ብለው ጠየቁ።

ቄሱ ወደ መሬት እያዩ የእጃቸውን አፈር ያራግፉ ጀመር።

«ይንገሯቸው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ ከጓዳ። «ሦስት ቀን ሙሉ ለኔ ሲያወሩ አልነበር!»

«ትሁን ልጄ» አሉ ቄስ ገብረ ሊባኖስ፤ «ያቺን ልጅ ከየት አመጣሻት?»

«የቷን ልጅ?»

«ስልክ የምታነሣውን። ስለ በቅሎዎቹ ላረጋግጥ ደወልኩ። "እንኳን በደህና መጡ" አለችኝ። ደህና ልጅ ናት አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ" አልኳት። ዝም። ስለ ቁጥር ታወራለች። "ቁጥሩን ተዪው፣ እናትሽ ደህና ናቸው? የማን ልጅ ነሽ?" አልኳት። አሁንም ቁጥር ተጫን ትለኛለች። ሦስት ጊዜ ነው ሰላም ያልኳት፤ ሦስት ጊዜ! አንድ ጊዜ እንኳ አልመለሰችም። ምናልባት ጆሮዋ አይሰማ ይሆናል ብዬ ጮኽ ብዬም ሞከርኩ።»

«እኔ ነኝ አንዱን ቁጥር ይጫኑላት ያልኳቸው» አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ። «ከዘጠኙ አንዱን ነኩ።»

«ነካሁ! ነካሁና ምን አደረገች?» ቄሱ አሁን ቀና ብለው እትዬ ትሁንን አዩ። «ዘፈን ከፈተችብኝ። በዐቢይ ጾም! እኔ ቆሜ፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ፣ ማሲንቆ! ትሁን እንዲህ ያለ ቤት አትይዝም፤ እኔን ጠልታኝ ነው ብዬ ተውኩት።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከጓዳ ወይዘሮ ብርቅዬ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። እትዬ ትሁን ግን አልሳቁም። እርጥብ እግራቸውን ከገበቴው አውጥተው ተነሡና የቄሱን ጉልበት ሳሙ። «ይፍቱኝ አባ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንቺማ ምን አደረግሽ። ልጅቱን ግን እንዳታባርሪያት» አሉ ቄሱ ቶሎ ብለው። «እናት ይኖራታል፤ የምትረዳው ይኖራል። ምከሪያት እንጂ።»

ማሽን መሆኗን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ድምፅዋ ተቀርጾ እንደተቀመጠ፣ የሚነገራትን እንደማትሰማ፣ አዲስ አበባ ያለችው ሴት ወይዘሮ ትሁንንም ወይራንም እንደማታውቅ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ «ማሽን ከሆነች ለምን "እናመሰግናለን" ትላለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ስንወርድ እትዬ ትሁን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ለሐናን ደውልላት» ብቻ አሉ። «በዚያው በኢንተርኔቱ አስተካክለዋለሁ ብትል እሺ አትበላት። ትምጣ። ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት።»

ሐናን መጣች። ቀኑ እየመሸ ሲሄድ ግቢው ውስጥ ወይራው ሥር ተቀመጥን። እትዬ ትሁን ለማፍጠሪያዋ ቴምር ከገበያ አስፈልገው አስመጥተዋል፤ ይማርሽን «ሾርባውን ከመግሪቡ ቀደም አድርጊው፤ ልጅቷ ጾሟን ውላለች» ብለው ሁለት ጊዜ አስታውሰዋታል። የቄሱን ነገር ስትሰማ ሐናን መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ወላሂ እትዬ፣ የኔም አያት ቢሆኑ እንዲሁ ነው የሚሉት» አለች።

ዝርዝሩን እንደገና ዘረጉት። በራሱ የሚመልሰው ወጣ። ማሲንቆውም ወጣ። ሐናን ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀች፤ «ሰው ሲጠብቅ ጭራሽ ድምፅ ካልሰማ መስመሩ ተቆርጧል ብሎ ይዘጋዋል።»

«እንግዲያው ይጥራ» አሉ እትዬ ትሁን። «ሲጠራ የሚሰማ ሰው፣ ሊነሣለት እንደሆነ ያውቃል።»

ሦስቱ ስልኮች አንድ ላይ እንዲጮኹ ተስማሙ፤ ቀድሞ የደረሰው ያነሣል። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ በራሱ ወደ ሞባይላቸው እንዲዞር አደረጉ። ያልተነሡ ጥሪዎች ዝርዝር ላይ ሲደርሱ እትዬ ትሁን እጃቸውን አጨበጨቡ፤ «ይሄ! ይሄማ ከሁሉ ይበልጣል። ስምንት ጊዜ የደወለ ሰው እንዳይጠፋኝ።»

ጥሪ መቅጃው ላይ ሲደርሱ «ይጥፋ» አሉ።

«ይቅር ካሉ ይቀራል እትዬ፣ ግን ይጠቅማል» አለች ሐናን። «ነገ አንዱ እንግዳ "እንዲህ ብላችሁኝ ነበር" ቢል ማስረጃ ነው።»

እትዬ ትሁን መነጽራቸውን አወለቁ። አንድ ነገር ነገሩን፤ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ሰምቼው የማላውቀውን።

«የባድመ ጦርነት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ከደሴ ተደወለ። ቁስለኛ ወታደር ነው። የአንዲት እናት ስም ሰጠኝና "ነገ በአራት ሰዓት ስልክ ጣቢያ ጥሩልኝ" አለኝ። ያኔ የጥሪ ወረቀት ጽፈን ሰው ቤቱ ድረስ እንልክ ነበር። "ምን ብዬ ልጥራት?" አልኩት። አለቀሰ። ገባኝ። ወረቀቱን ጻፍኩት። ስሟን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። ከዚያ ያቺ እናት ልብሷን ቀይራ፣ "ልጄ ደወለልኝ" ብላ ለጎረቤት እየነገረች ስትመጣ ታየችኝ። እዚያች ሳጥን ውስጥ ብቻዋን። ወረቀቱን ቀደድኩና ነፍስ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። በማግሥቱ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በወጉ ቤቷ ሄዶ አረዳት። አለቃዬ "ጥሪ አላደረስሽም" ብሎ ገሠጸኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። በመስመር ላይ የሰማሁት የኔ አይደለም። ዛሬ ሴትየዋም አርፋለች፤ ለዚህ ነው የምነግርሽ። ሰው በስልክ የሚያወራኝን እኔ አስቀምጬ አላውቅም፤ ማሽንም አያስቀምጥብኝ።»

ሐናን ላፕቶፗን ሳብ አድርጋ የወሩን ቅጂ ሁሉ እዚያው ፊታቸው አጠፋችው።

እሷም ግን በአንድ ነገር አልረታ አለች። እትዬ ትሁን ስልኩ ቀንና ሌሊት እሳቸው ዘንድ ይጩህ ብለው ነበር። «አይሆንም» አለች ሐናን። «ስልኩ አይደክመውም፤ እርስዎ ግን ይደክምዎታል። ሲተኙና ቅዳሴ ሲገቡ እርስዎን አልፎ ለምስክር ይጩህ።» ተከራከሩ። አዛን እስኪል ተከራከሩ። በመጨረሻ እትዬ ትሁን ቴምሩን ወደ እሷ እየገፉ «እሺ፣ አፍጥሪ፤ አሸንፈሽኛል» አሉ።

የቀረው ማንም ሳያነሣ ሲቀር የሚሰማው መልእክት ነበር። እሱን በራሳቸው ድምፅ ይሁን አሉ። ሐናን ሞባይሏን አፋቸው ላይ ያዘች። «እንደምን ናችሁ» አሉ እትዬ ትሁን። ዝም አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያ «ወይራ ነው። አሁን አልተመቸንም፤ ስማችሁን ንገሩን፣ መልሰን እንደውላለን» ብለው ጨረሱ።

«እትዬ፣ መሐል ላይ ለምን ቆሙ?» አለች ሐናን።

«ይመልሱልኝ ብዬ ነዋ!»

ሐናን ሊቆረጥ የሚገባውን ዝምታ ሳትቆርጥ እንዳለ አስገባችው። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ከሳምንት በኋላ ደውለው እኛ ሳናነሣ ቀረን። የተዉትን መልእክት ከፍቼ ሳዳምጥ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን፤ በቅሎዎቹም ደህና ናቸው» ብለው በሰፊው ጀምረዋል።

በዚህ ሁኔታ ገና ደረሰ። በገና ሰሞን ላሊበላ እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቃል። እግር መርገጫ የለም፤ ሜዳው ድንኳን፣ ግቢው ሁሉ ተሳላሚ ነው። የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ ትሁን እንደ ልማዳቸው ያልተነሡትን ጥሪዎች ሲያዩ አንድ ቁጥር አራት ጊዜ ጠርቶ ወዲያው የዘጋ አገኙ። እኔ «ሚስኮል ነው፣ ይተዉት» አልኩ። እሳቸው ደወሉ።

አዳም የሚባል የፍላቂት ገበሬ ነው። ሒሳቡ እንዳያልቅበት ነው የሚዘጋው። እናቱ ወይዘሮ ባንቺዓለም ከአምስት ቀን በፊት ከጎረቤት ጋር በእግራቸው ለገና ወጥተዋል። አብረዋቸው የነበሩት ጎረቤቶች ትናንት ደውለው፣ ከተማ መግቢያው ላይ በሰው ብዛት ተለያየን፣ ጠፉብን ብለውታል። እናቲቱ ስልክ የላቸውም። «የላሊበላ ቁጥር ያለው ሰው ብዬ ስጠያይቅ አንድ ሾፌር ይህን ሰጠኝ» አለ። «እናንተን አላውቃችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ምን ለብሳለች?» አሉ እትዬ ትሁን። «ሻሿ ምን ዓይነት ነው? እግሯን ያማታል? የምታውቀው ካህን አለ?» እርሳስ ይዘው ይጽፋሉ። የእናቲቱ ቀኝ እግር ያነክሳል፤ የያዙት ከዘራ አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

ከዚያ በኋላ እትዬ ትሁንን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ሐናን የተወችልንን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጡ፤ እኔን አስነሡኝ። ተሳላሚ የሚያሳድሩትን የካህናት ቤቶች አንድ በአንድ ደወሉ። ቁጥሮቹን ከየት እንዳወጧቸው እንጃ፤ ግማሹን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ይማርሽ ወጥ ቤት ባለው ስልክ ድንኳን የተከሉትን ማኅበራት ያዘች። እኔ በእግሬ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄደ። አሥራ አራተኛው ቤት የመሪጌታ ሰጠኝ ነበር፤ የድጓ መምህር ናቸው፤ በየዓመቱ ግቢያቸው ውስጥ መቶ ሰው ያድራል። «ቀይ ጨርቅ ያለው ከዘራ?» አሉ መሪጌታ። «እዚህ አጥሬ ሥር አንዲት እናት እግራቸው አብጦ ተኝተዋል። ቆዩኝ።»

ሐናን ሦስት ሰው በአንድ መስመር የሚያነጋግረውን አገልግሎት ስትተውልን እትዬ ትሁን «ይሄ ለምን ይሆነናል?» ብለው ነበር። እንዴት እንደሚከፈት እየሮጥኩ ተመልሼ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። የፍላቂቱን ልጅ አስገቡት፤ መሪጌታም ስልካቸውን ለእናቲቱ ሰጡ።

«እማ!» አለ አዳም።

«ማነው?»

«አዳም ነኝ እማ!»

«የቱ አዳም?»

«ልጅሽ ነኛ! አዳም!»

የእናቲቱ ድምፅ ተለወጠ። «አዳምዬ... ላሚቱን አልበሃታል? ጥጃዋን እንዳትረሳት አደራ።»

እትዬ ትሁን ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኔ በሌላው ስልክ መስማቴን ልቀጥል ስል እጄን መታ አደረጉኝ። ሁለታችንም ከመስመሩ ወጣን። እናትና ልጅ ስንት ደቂቃ እንዳወሩ አላውቅም፤ ከመስመሩ ስንወጣ ግን እትዬ ትሁን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ሻይ አምጣልኝ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል» ሲሉኝ ትዝ ይለኛል።

አዳም ለፍላቂት ሰው ሁሉ ነገረ። በማግሥቱ ጠዋት ከዋድላ፣ ከወገል ጤና፣ ከማናውቃቸው ቦታዎች ዘመድ የጠፋባቸው ሰዎች መደወል ጀመሩ። እስከ ገና ማግሥት ድረስ አሥራ አንድ ሰው ተገኘ፤ ሁለቱን እኛ ስንፈልግ ራሳቸው አውቶቡስ ተሳፍረው አገራቸው ገብተው ነበር። ወይዘሮ ባንቺዓለምን እግራቸው እስኪሻል ስድስት ቀን ወይራ አሳደርናቸው። ይማርሽ ወጥ ስትሠራ ቁጭ ብለው ያርሟት ነበር፤ «በርበሬው አልተቁላላም» እያሉ።

ከሃያ አራቱ አገልግሎት ዛሬ የያዝነው ሰባት ነው። ሌሎች የማረፊያ ባለቤቶችም እየመጡ እትዬ ትሁንን ያማክራሉ፤ እሳቸውም ያንኑ ይጠይቋቸዋል፤ ለሚደውለው ነው ለናንተ? ሐናን በላሊበላ አሁን ስልክ የተከለችላቸው አምስት ደንበኛ ቤቶች አሏት። ስትመጣ ሆቴል አትይዝም፤ ወይራ ሦስት ቁጥር ክፍል የእሷ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሐናን አገባች፤ ጣሃ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ። እትዬ ትሁን የላስታ ነጭ ማር በትልቅ ገንቦ አስሞልተው ደሴ ወረዱ። በስድስት ዓመት ከወይራ ወጥተው ሲያድሩ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። የሙሽሪት እናት ወይዘሮ ነሲባ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ አሳርደው፣ በሌላ ድስት አሠርተው ጠብቀዋቸዋል። ያን ሁሉ በስልክ ነገሩኝ፤ በቀን አራት ጊዜ ይደውሉልኝ ነበር። «እትዬ፣ ሰርጉን ይብሉ፤ እኔ እዚህ አለሁ» ብላቸውም አልሰሙኝም።

በሰርጉ ዕለት እኔ እንግዳ ለመቀበል በር ላይ ስወጣ አንድ ሰው ከባሕር ዳር ደወለ። ጥሪው ደሴ ድንኳን ውስጥ በእሳቸው ሞባይል ጮኸ፤ አነሡት። ሰውየው ክፍል ጠይቆ፣ እሳቸውም ጤናውን፣ ልጆቹን፣ የጣናን ነፋስ ሁሉ ጠይቀውት፣ መሐል ላይ እልልታው ሲያይልበት «እናቴ፣ ምንድን ነው እዚያ?» ብሏቸዋል። «ልጄን እየዳርኩ ነው» አሉት።

ሰውየው በሦስተኛው ቀን ወይራ ደረሰ። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ከዕቃው አወጣ፤ ከመንገድ የገዛው ሽቶ ነው። ግቢውን ግራ ቀኝ ያያል።

«ሙሽራዋ የት አለች?» አለኝ።

«ደሴ» አልኩት።

ግራ ተጋብቶ አየኝ። ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኩት፤ ሳቀ፤ ሽቶውን ግን መልሶ አልወሰደውም። እትዬ ትሁን በማግሥቱ ተመልሰው ሽቶውን ሲያዩ ወደ ደሴ የሚሄድ ሾፌር ስም ጠየቁኝና በእሱ ሚኒባስ ለሐናን ላኩላት።